ከደሴና ከኮምቦልቻ የትዳር ጓደኛን ተከትሎ ለመሄድ፦ የትኛው የቪዛ መንገድ ለማን ይሆናል?

ባል ወይም ሚስት ውጭ ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ቶሎ ያልቃል?» ብሎ ነው። መልሱን የሚወስኑት ግን ሁለት ወረቀቶች ናቸው። አንዱ ውጭ ያለው ሰው የያዘው ፈቃድ ነው፤ ዜግነት፣ ግሪን ካርድ፣ የተማሪ ወይም የሠራተኛ ቪዛ ሊሆን ይችላል። ሌላው እዚህ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ያለው የጋብቻ መዝገብ ነው። ሰው በመጀመሪያው ላይ ወራት ሲመካከር ይከርምና ሁለተኛውን ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ያስታውሰዋል። ፋይሎች የሚሰናከሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ነው። ስለዚህ የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ ከፎርሙ በፊት የጋብቻ ሰነዱን አስተካክሉ።

እዚህ የተጠቀሱት ክፍያዎች እ.ኤ.አ. በ2025 የነበሩ ናቸው። ለመክፈል በምትቀመጡበት ቀን የመንግሥቱን የራሱን ድረ ገጽ ክፈቱና አመሳክሩ። በተለይ የአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ ከ2025 ወዲህ በየጊዜው በሚወጡ እገዳዎችና መመሪያዎች ስለሚነካካ፣ የኤምባሲውን ማስታወቂያ ሳያነቡ ገንዘብ ማስገባት አይመከርም።

አሜሪካዊ ዜጋ ከሆነ፦ የእጮኛ ቪዛ ወይስ የትዳር?

ኬ-1 የሚባለው የእጮኛ ቪዛ ገና ላልተጋቡ ነው። ዜጋው አይ-129ኤፍ ያስገባል፤ ፎርሙ ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታቸውን ማሳየት አለበት። እጮኛዋ አሜሪካ በገባች በ90 ቀን ውስጥ ይጋባሉ፤ ከዚያ ግሪን ካርዱ በአይ-485 እንደ አዲስ ይጠየቃል። የትዳሩ መንገድ አይ-130 በሚባለው የቤተሰብ ማመልከቻ ይጀምርና በብሔራዊ የቪዛ ማዕከል አልፎ አዲስ አበባ ኤምባሲ ይደርሳል። በዚህ የሄደች ሚስት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፓስፖርቷ ሲመታ ቋሚ ነዋሪ ትሆናለች።

ሒሳቡን እናስቀምጠው። በእጮኛ መንገድ ለማመልከቻው 675፣ ለቪዛው 265፣ ለአይ-485 ደግሞ 1,440 ዶላር ይከፈላል፤ ድምሩ 2,380 ነው። በትዳር መንገድ አይ-130 በኢንተርኔት ከገባ 625፣ የቪዛ ክፍያ 325፣ የድጋፍ ሰነድ ማጣሪያ 120፣ የግሪን ካርድ ማተሚያ 235 ሆኖ 1,305 ዶላር ይመጣል። የሕክምና ምርመራ በሁለቱም ላይ ይጨመራል። በኬ-1 የገባች ሴት የሥራ ፈቃድ እስኪመጣላት ቤት ትቀመጣለች፤ በትዳር ቪዛ የገባችው በማግስቱ ሥራ ልትፈልግ ትችላለች። «እጮኛ ርካሽና ፈጣን ነው» የሚባለው የመጀመሪያውን ደረሰኝ ብቻ አይቶ ነው።

በወሎ ግን የኬ-1 ትልቁ ጣጣ ገንዘቡ አይደለም። ኒካህ ታስሮ ድግሱ ለበጋ የተቀጠረላቸው ጥንዶች «ሠርጉ ገና ስለሆነ እጮኛሞች ነን» ብለው ያመለክታሉ። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ግን በሃይማኖትም፣ በባህልም፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊትም የተፈጸመን ጋብቻ እኩል ጋብቻ ነው የሚለው። ቆንስሉ የኒካህ ፎቶ ወይም ወረቀት ካየ እጮኛ ሳይሆን ሚስት ናት ይላል፤ ማመልከቻውም ይወድቃል። ክርስቲያን ቤተሰቦችም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀለበት ታስሮ፣ ልጅቷ ነጭ ለብሳ፣ ሁለት መቶ ሰው በልቶ የተነሳ ፎቶ «ቀለበት ብቻ ነው» ሲባል አያሳምንም። ስለዚህ ማንኛውም ሥነ ሥርዓት ከተፈጸመ የትዳሩን መንገድ ያዙ። ኬ-1 የሚያዋጣው ምንም ነገር ላልተፈጸመና ሠርጋቸውን እዚያው ማድረግ ለሚፈልጉ ነው።

ስለ ገቢ አንድ ነገር። ለትዳር ቪዛ ስፖንሰሩ አይ-864 በሚባለው የድጋፍ ሰነድ ከድህነት መስመሩ 125 በመቶ የሚሆን ገቢ ያሳያል፤ በ2025 መስፈርት ሁለት ሰው ላለበት ቤት በዓመት ከ26,400 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ለኬ-1 በኤምባሲ ደረጃ 100 በመቶው ይበቃል፤ ግን አይ-485 ሲገባ ያው 125 ይጠየቃል፤ ስለዚህ የገቢ እጥረትን በኬ-1 ማምለጥ አይቻልም። ገቢው ካልሞላ አብሮ የሚፈርም ሁለተኛ ስፖንሰር ይፈቀዳል። ይህ ሰው ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም፤ አሜሪካ የሚኖር ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት መሆን ግን አለበት። ደሴ ያለው ሀብታም አጎት፣ ምንም ያህል ፎቅ ቢኖረው፣ አይፈርምም።

ግሪን ካርድ ብቻ ካለው፦ አሁን ማስገባት ወይስ ዜግነት መጠበቅ?

አሁን ማስገባት። የግሪን ካርድ ባለቤት ለሚስቱ የሚያስገባው ያው አይ-130 ነው፤ ልዩነቱ ኤፍ2ኤ በሚባል ተራ ውስጥ መጠበቋ ነው። ተራው በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡለቲን ይታያል። ፋይሉ ተራ ላይ እያለ ባልየው ዜጋ ከሆነ የዜግነት ማስረጃውን ልኮ ወደ ዜጋ ሚስትነት ያስቀይረዋል፤ የተከፈለው አይባክንም።

ልጅ ላላቸው ግን እዚህ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። በኤፍ2ኤ ልጆች በእናታቸው ፋይል ተጠቃለው ይሄዳሉ። አባትየው ዜጋ በሆነበት ቀን ግን ይህ መጠቃለል ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 ያስፈልጋል። እናት ቪዛዋ ተሰጥቷት ልጆቹ አያታቸው ጋ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዜግነት እየተቃረበ ከሆነ የልጆቹን ማመልከቻ አስቀድማችሁ አስገቡ።

በዲቪ ለሄደ ሰው ደግሞ ሚስት ተከትላ የምትሄደው በዚያው የዲቪ ዓመት፣ ማለትም እስከ ሴፕቴምበር 30 ብቻ ነው። ቀኑ ካለፈ አይ-130 ነው። ዲቪ ሲሞላ ባለትዳር ሆኖ ሚስቱን ያልጻፈ ሰው ደግሞ ዕድሉ ሲደርሰው ራሱም ጭምር ውድቅ ይሆናል፤ «ያኔ ወረቀት አልነበረንም፣ ኒካህ ብቻ ነው» የሚለው አያድነውም።

ተማሪ ወይም ሠራተኛ ከሆነ፦ ኤፍ-2፣ ጄ-2፣ ኤች-4

እነዚህ ጊዜያዊ ቪዛዎች ናቸው፤ ኤፍ-2 ለተማሪ፣ ጄ-2 ለልውውጥ ፕሮግራም ተሳታፊ፣ ኤች-4 ለሠራተኛ የትዳር ጓደኛ ይሰጣሉ፤ የሚስቱ ቪዛ ዕድሜም በባሏ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እሱ ትምህርቱን ቢያቋርጥ ወይም ሥራውን ቢያጣ የእሷም መሠረት ይፈርሳል።

ኤፍ-2 ሥራ አያስፈቅድም፤ ትምህርትም ከሙሉ ጊዜ በታች ብቻ ነው። ጄ-2 አሜሪካ ከገቡ በኋላ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ያስችላል፤ ግን ባልየው ላይ የሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ካለ ሚስቱንም ይይዛታል። ኤች-4 በራሱ ሥራ አይሰጥም፤ ባልየው በኤች-1ቢ የሠራተኛ ቪዛ ሆኖ የግሪን ካርድ ሂደቱ የተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ብቻ ፈቃድ ይጠየቃል። ትምህርት ቤቱ ለባልየው ከኤፍና ከጄ ቪዛ የመምረጥ ዕድል ከሰጠው፣ ሚስትየዋ መሥራት የምትፈልግ ከሆነ ጄ ይሻላል፤ ከትምህርቱ በኋላ እዚያው ለመቆየት የሚያስብ ከሆነ ግን የሁለት ዓመቱን ግዴታ አስቀድሞ ያጣራ።

በኢንተርቪው ላይ ያለው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል። ለኤፍ-2 እና ለጄ-2 ሕጉ አመልካቹን ሊቀር እንደሚሄድ ሰው አድርጎ ይነሳል፤ ተመልሶ እንደሚመጣ ማስረዳት የአመልካቹ ፋንታ ነው። በ214ቢ ተብሎ የሚሰጠው እምቢታ ይኸው ነው። ለኤች-1ቢ ሠራተኛ ሚስት ይህ ግምት የለም፤ የሚጣራው ጋብቻው እውነተኛ መሆኑና የባልየው ሥራ መኖሩ ነው። ስለዚህ የኤች-4 አመልካች ስለ ደሴ ቤትና መሬት ብዙ መዘርዘሯ ጥቅም የለውም፤ የባሏ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፣ የአሠሪ ደብዳቤና አይ-797 የሚባለው የፈቃድ ማስታወቂያ ኮፒ ነው የሚጠቅማት። የኤፍ-2 አመልካች ግን የራሷን ሥራ፣ ፈቃድ የሰጣትን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የምትመለስበትን ጉዳይ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለባት።

አብሮ ማመልከት ወይስ እሱ ቀድሞ እሷ መከተል? አብረው ከቀረቡ ወጪና ጉዞ ይቀንሳል፤ ግን እሱ ከተከለከለ እሷም ትከለከላለች፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ገንዘብም በአንድ ጊዜ መታየት አለበት። የትምህርት ዕድሉ የሚሸፍነው እሱን ብቻ ከሆነ ቀድሞ ሄዶ አንድ ሴሚስተር ጨርሶ፣ ውጤቱንና የባንክ መግለጫውን ልኮላት ብትከተል ይሻላል። ለእሷ በስሟ የተዘጋጀ የራሷ አይ-20፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጠው ሰነድ፣ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቀው ከዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው፣ ቢሮውም ለተጨማሪ ሰው የሚበቃ ገንዘብ ካላየ አይሰጥም። ሴቪስ የሚባለውን የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ ዋናው ተማሪ ብቻ ነው የሚከፍለው፤ ፎርም ሞይዎች አንዳንዴ ለሚስትም ያስከፍላሉ፣ አትክፈሉ። የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው፣ ለኤች-4 ደግሞ 205።

እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ጀርመን፣ ኤምሬትስ

እንግሊዝ በገንዘብ የከበደ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሚስቱን ለማስመጣት በዓመት 29,000 ፓውንድ ገቢ ያሳያል፤ ማመልከቻው 1,938፣ የጤና ክፍያው ለ3 ዓመት ግድም 3,105 ፓውንድ ነው። ከዚያ በላይ የኤ1፣ ማለትም የጀማሪ ደረጃ፣ እንግሊዝኛ ፈተናና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማስረጃ ይጠየቃል። ተማሪን ተከትሎ መሄድ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ለዶክትሬትና ለምርምር ዲግሪ ተማሪዎች ቤተሰብ ብቻ ነው የተፈቀደው። ለተራ ማስተርስ «ሚስትህን ይዘህ ትሄዳለህ» የሚል ኤጀንት የድሮውን ሕግ እየሸጠ ነው። የእንክብካቤ ሠራተኞችም ከማርች 2024 ጀምሮ ቤተሰብ ማስከተል አይችሉም።

ካናዳ ለዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ሚስት ብዙውን ጊዜ የገቢ ወለል አትጠይቅም፤ ስፖንሰሩ ለ3 ዓመት ኃላፊነት ይፈርማል። ተማሪን ለመከተል ግን ከጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ወዲህ ባልየው 16 ወርና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ማስተርስ፣ ዶክትሬት ወይም የተወሰኑ የሙያ ዘርፎች ውስጥ መሆን አለበት፤ ዲፕሎማ ለሚማር ሰው ሚስት ክፍት የሥራ ፈቃድ ተዘግቷል።

ጀርመን የምትመርጠው ቋንቋን ነው። ሚስትየዋ ከመሄዷ በፊት ኤ1 ጀርመንኛ ታልፋለች፤ የጎተ ፈተና ማለፊያ ከ100 60 ነው፣ የሚሰጠውም አዲስ አበባ ነው። ባልየው ብሉ ካርድ (ለተማሩ ሠራተኞች የሚሰጥ የመኖሪያ ፈቃድ) ካለው ይህ ግዴታ ይቀራል፤ ኮርስ ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ኤምሬትስ ኢንተርቪው የለውም። ስፖንሰሩ 4,000 ድርሃም ደመወዝ፣ ወይም 3,000 ከመኖሪያ ቤት ጋር፣ ይኖረዋል፤ የጋብቻ ሰርተፊኬቱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲያቸው ይረጋገጣል።

የጋብቻ ሰነዱ፦ ሥራው ያለበት ቦታ

ጋብቻው ቤተ ክርስቲያንም ይፈጸም፣ በኒካህ፣ በሽማግሌ፣ መጨረሻው ወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በመላ አገሪቱ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጋቡ ሰዎች እጅ ያለው የማዘጋጃ ቤት፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ነው፤ በወሳኝ ኩነት ሰርተፊኬት ካልተደገፈ ጥያቄ ያስነሳል። ለምዝገባ ሁለቱም ተጋቢዎችና የየወገናቸው ምስክሮች ስለሚያስፈልጉ፣ ውጭ ያለው ሰው ለእረፍት ሲመጣ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይህ ይሁን። መጨረሻ ሳምንት ላይ የተተወ ምዝገባ መብራት ሲጠፋ፣ ሲስተም ሲቋረጥ ወይም ፈራሚው ስብሰባ ሲገባ ሳይፈጸም ይቀራል። ከ2014ቱ ጦርነት በፊት የወጣ ሰርተፊኬት ያላችሁም ዋናው መዝገብ ዛሬም ቢሮው ውስጥ መኖሩን ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ ኤምባሲ ሲያጣራ የሚጠይቀው እናንተ የያዛችሁትን ወረቀት ሳይሆን መዝገቡን ነው።

ሰርተፊኬቱ እንደወጣ ከመስኮቱ ሳትነሱ ቀኖቹን አንብቡ። ጋብቻው የተፈጸመበት፣ የተመዘገበበትና ሰርተፊኬቱ የተሰጠበት ቀን የተለያዩ ናቸው። ፎርም ላይ «የጋብቻ ቀን» ሲባል የሚጻፈው የመጀመሪያው ነው። ባል አሜሪካ ሆኖ የድግሱን ቀን፣ ሚስት ኮምቦልቻ ሆና የኒካሁን ቀን፣ ፎርም ሞይው ደግሞ ሰርተፊኬቱ ግርጌ ያየውን ቀን ሲጽፉ አንድ ትዳር ሦስት ጊዜ የተጋባ ይመስላል።

የቀን መቁጠሪያው ሌላ ወጥመድ ነው። ጥር 12 ቀን 2015 ጃንዋሪ 20 ቀን 2023 ነው፤ ጥር 12 ቀን 2016 ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ስለሚውል፣ እስከ የካቲት 21 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። በስልክ አፕ የቀየረና በጣቱ የቆጠረ ሰው አንድ ቀን የሚለያዩት ለዚህ ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈውን የአውሮፓ ቀን ያዙና በሁሉም ፎርም ላይ እሱኑ ድገሙ፤ ስህተት ከሆነ መጀመሪያ ሰርተፊኬቱ ይታረም።

ስምም እንዲሁ። መሐመድ በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ «ኤም»፣ ሌላ ጊዜ በሁለት፣ አንዴ በ«ኦ» ሌላ ጊዜ በ«ዩ» ይጻፋል። መለኪያው ፓስፖርት ነው፤ ቀበሌ ስትሄዱ የሁለታችሁንም ፓስፖርት ኮፒ ይዛችሁ ጸሐፊው ከዚያ እንዲገለብጥ አድርጉ። ሚስት የባሏን ስም አለመያዟ ግን ችግር አይደለም፤ አንዳንዶች «እንዲመሳሰል» ብለው የአያት ስም ሲያስቀይሩ ሌላ ጣጣ ይፈጥራሉ።

በወኪል የታሰረ ኒካህ ለብቻው ይታይ። ባልየው ሪያድ ወይም ሚኒያፖሊስ ሆኖ ወኪሉ ደሴ ላይ ያሰረለት ኒካህ በአሜሪካ ኢሚግሬሽን ሕግ ተቀባይነት የሚያገኘው ከኒካሁ በኋላ ባልና ሚስቱ በአካል ተገናኝተው እንደ ባልና ሚስት ከኖሩ ብቻ ነው። ከኒካሁ በፊት የነበረ ትውውቅ አይቆጠርም። ስለዚህ ከኒካሁ በኋላ የተመታ የፓስፖርት ማኅተም፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሆቴል ደረሰኝ ዋጋቸው ከሠርግ አልበም ይበልጣል። ካናዳ ከዚህም ትከራለች፤ ከጁን 2015 ወዲህ ተጋቢዎቹ ሁለቱም በአካል ያልተገኙበት፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመ ጋብቻ ለሚስትነት ስፖንሰር አይሆንም።

ቀደም ያለ ትዳር የነበረበት ሰው ፍቺውን በፍርድ ቤት ወረቀት ያሳያል። በቃል የተሰጠ ፍቺ ለሰፈሩ ቢበቃም ለቆንስሉ አይበቃም፤ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዶ ማጽደቅ የግድ ነው። ሁለተኛ ሚስት ሆና የምታመለክት ሴት ደግሞ፣ የመጀመሪያው ትዳር እስካልፈረሰ ድረስ፣ በአሜሪካም በእንግሊዝም መንገድ የላትም።

አረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ሰው

ይህ ለወሎ የተለየ ምዕራፍ ነው። ከ16 ዓመት ዕድሜ በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ የተኖረበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ለአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ ይጠየቃል። ማስረጃው ከየት እንደሚወጣና ከየትኛው አገር ማግኘት እንደማይቻል የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በየአገሩ ተዘርዝሯል። ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ይጀመር።

ከዚያ የሚከብደው በሌላ ስም ወይም ዕድሜ ተጨምሮ በወጣ ፓስፖርት የሄዱ ሴቶች ጉዳይ ነው። ደላላው ያወጣው ፓስፖርት ላይ ያለው ስም፣ የትውልድ ዘመንና አሻራ አንድ ቦታ ተቀምጧል። ፎርሙ «ሌላ ስም ተጠቅመሽ ታውቂያለሽ?» ሲል መልሱ «አዎ» ነው። የድሮው ፓስፖርት ዕድሜ መጨመሩን ተናግሮ ማስረዳት ይቻላል፤ ደብቆ መገኘት ግን በሐሰት መግለጫ የሚመጣ፣ በጊዜ ብዛት የማይጠፋ እገዳ ያስከትላል። «የድሮውን ፓስፖርት አቃጥዪው» የሚል ምክር ስትሰሙ ከዚያ ሰው ራቁ።

ኢንተርቪው

ኢንተርቪው በአማርኛ ማድረግ ይቻላል፤ ባልተመቸ እንግሊዝኛ መንተባተብ የሚያተርፈው ነገር የለም። ሰዎች የሚፈሩት ስለ ፍቅራቸው ታሪክ መጠየቅን ነው፤ የሚያሰናክላቸው ግን የዕለት ኑሮ ጥያቄ ነው። ባልሽ ከማን ጋር ነው የሚኖረው? ሌሊት ነው ቀን የሚሠራው? ደሴ ሲመጣ የት አረፈ፣ ስንት ቀን ቆየ? ሽማግሌ ሆኖ ማን መጣ? ካሁን በፊት አግብቶ ነበር? በየቀኑ የሚደዋወሉ ጥንዶች ይህን ሳያጠኑ ይመልሱታል። ያልተደዋወሉት ደግሞ ደላላ ያዘጋጀውን ወረቀት ይሸመድዳሉ፤ ሽምደዳው በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል። ያላወቁትን «አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም» ማለት ከመገመት ይሻላል፤ ግምቱ ባልየው ከሞላው ፎርም ጋር ሲጋጭ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የገባውን ፎርም ኮፒ ሁለቱም በስልክ ላይ ሆነው ከላይ እስከ ታች ያንብቡት።

ማስረጃ ሲመረጥ ከብዛቱ ይልቅ የጊዜ ስርጭቱ ይታይ። በአንድ ቀን የተነሱ አንድ መቶ የሠርግ ፎቶዎች አንድ ማስረጃ ናቸው። ሃያ ፎቶ፣ ከተለያየ ዓመት፣ ከቤተሰብ ጋር፣ ጀርባው ላይ ቀንና ቦታ ተጽፎበት ይበቃል። የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ በሚስት ስም የመጣ ይሁን፤ በጥቁር ገበያ ወይም በሰው እጅ የተላከ ብር ምንም ዱካ አይተውም፣ በወንድሟ ስም የመጣውም እንደዚያው። ቢያንስ ከማመልከቻው ጀምሮ በባንክ ይላክ። የቻት ገጽ ከታተመ በየሦስት ወሩ ጥቂት ገጽ ብቻ፣ ቀኑ የሚታይ።

ፎርሙን ደሴ ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ካሉ ሱቆች የምታስሞሉ ከሆነ ኢሜይሉ የእናንተ መሆን አለበት፤ የይለፍ ቃሉንና የማረጋገጫ ጥያቄውን መልስ ወረቀት ላይ ተቀበሉ። በሱቁ ኢሜይል የተከፈተ ፋይል ልጁ ሥራ ሲቀይር የቀጠሮ መልእክቱ ከእሱ ጋር ይጠፋል። ፎቶው 5 በ5 ሴንቲሜትር፣ ጀርባው ነጭ፣ ያለ መነጽር፣ ከ6 ወር ያልበለጠ ነው፤ ሂጃብ ይፈቀዳል፣ ግንባርና አገጭ እስከታየ ድረስ።

የአዲስ አበባው ጉዞ

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ አይታመንም። ለኢንተርቪው ዋዜማ መነሳት ቁማር ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቀድማችሁ ግቡ፣ አቅም ካለ ከኮምቦልቻ ኤርፖርት። የፖሊስ አሻራ፣ ሜዲካልና ኢንተርቪው በአንድ ጉዞ ይገጣጠማሉ ብላችሁ አታስቡ። ለስደተኛ ቪዛ ሜዲካሉ ከኢንተርቪው ሳምንታት ቀድሞ ይሠራ፤ ምክንያቱም የደረት ራጅ ጥርጣሬ ካሳየ ሦስት ቀን አክታ ይወሰዳል፣ ጀርሙን በላቦራቶሪ አሳድጎ የሚያየው (ካልቸር) ምርመራ ደግሞ እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህን አስቀድማ ለክሊኒኩ ትናገር።

ስልክ ኤምባሲ አይገባም፤ አብሯችሁ ለመጣ ሰው ስጡት። በመስኮቱ ላይ ቪዛ ወይም እምቢታ ሳይሆን 221ጂ የሚል ወረቀት ከተሰጠ ፋይሉ አልሞተም፤ የጎደለ ሰነድ ወይም ተጨማሪ ማጣሪያ አለ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ምልክት የተደረገበትን ነገር ብቻ፣ በተባለው መንገድ ብቻ ላኩ። ምላሽ እየተጠበቀ ቀበሌ ላይ ያለውን መዝገብ «ለማስተካከል» መነካካት አደገኛ ነው፤ አጣሪ ቢሄድ የሚያገኘው ትናንት የተሰረዘና የተደለዘ ገጽ ይሆናል።

ቪዛው የወጣላት የዜጋ ሚስት የጋብቻ ቀኗን አንድ ጊዜ ደግማ ትቁጠር። አሜሪካ በገባችበት ቀን ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት ግሪን ካርድ የ2 ዓመት ብቻ ነው፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት በአይ-751 እንደገና ማመልከት፣ 750 ዶላርም መክፈል አለባት። ሁለተኛው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንት የቀረው ከሆነና ቪዛው እስከዚያ የሚያገለግል ከሆነ፣ ትኬቱን ከዚያ ቀን በኋላ ቆርጣ ብትገባ የ10 ዓመቱን ካርድ ታገኛለች።